ልማዱን ያረመ ቦክሰኛ፦ ከጆ ሉዊስ እስከ ኮልፌ

በአምቦ መንገድ ለሚወጣና ለሚገባ መንገደኛ ሳንሱሲ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ በር ነው። ይህን ሰፈር በያዘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ፣ በ1954 ዓ.ም. ክረምት አንድ የቀድሞ ቦክሰኛ የጦር ትምህርት ተምረዋል፤ ኔልሰን ማንዴላ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ነጻነት ያደረገችውን እገዛ ለማሳየት ነው፤ ተገቢም ነው። ሌላ ትምህርት ግን አለው። ተጋጣሚው እስኪሰነዝር ጠብቆ በመልሶ ማጥቃት የሚጥል ጠላት በድፍረት ብዛት አይሸነፍም። የሚሸነፈው አጥቂው አስቀድሞ የራሱን ልማድ ሲያርም ነው።

የቦክስ ታሪክ ለዚህ ግልጽ ምስክር አለው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሊወር ጦሩን በሚያሰናዳበት ወቅት፣ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካዊው ጆ ሉዊስ ግዙፉን ኢጣሊያዊ ፕሪሞ ካርኔራን በኒውዮርክ በ6ኛው ዙር አሸነፈ። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ድሉን የኢትዮጵያ ድል አድርገው አዩት። አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀች በሁለተኛው ወር ግን፣ ሰኔ 12 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ሉዊስን በ12ኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ሽሜሊንግ ቀደም ብሎ የሉዊስን ግጥሚያ ተመልክቶ አንድ ነገር እንዳየበት ተናግሮ ነበር፤ ሉዊስ በግራ እጁ ጃብ ከሰነዘረ በኋላ እጁን ወደ ፊቱ ሲመልስ ዝቅ ያደርገዋል። ሽሜሊንግ ይህችን ቅጽበት እየጠበቀ ቀኙን ዝቅ ባለው እጅ ላይ አሳለፈ። ሰኔ 15 ቀን 1930 ዓ.ም. በድጋሚ ሲገናኙ ሉዊስ ለሽሜሊንግ የሚጠብቀውን አልሰጠውም። ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ርቀቱን አጥብቦ ወደ ገመዱ ገፋው፤ ለማሰቢያ ፋታ ነስቶ በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ጨረሰው።

ሉዊስ በመጀመሪያው ግጥሚያ የተሸነፈው በልምምድ ቸልተኝነት ነው፣ በሁለተኛው ያሸነፈውም በጉልበት ነው የሚል ይኖራል። ቸልተኝነቱ እውነት ነው፤ ጉልበቱ ግን በ1928ም ነበረው። የተለየው አጠቃቀሙ ነው። አሰልጣኞች በመልሶ ማጥቃት ከሚጫወት ጋር ለሚገጥም የሚሰጡት ምክርም ወደዚሁ ያመራል፦ በማታለያ እንቅስቃሴ ምላሹን ቀድመህ አስወጣው፣ ሁሌ አንድ ዓይነት ምት አትሰንዝር፣ የሰነዘረው እጅህ ወዲያው ወደ መከላከያው ይመለስ፣ ከመታህ በኋላ በቆምክበት አትቆይ። ሁሉም ተጋጣሚው የሚያደባበትን ተደጋጋሚ ነገር የሚያጠፉ ናቸው።

ማንዴላ በ1940ዎቹ በኦርላንዶ ይለማመዱ የነበሩ ቦክሰኛ ናቸው። በግለ ታሪካቸው እንደጻፉት የማረካቸው ድብደባው ሳይሆን ጥበቡ ነው፤ ማጥቃትና ማፈግፈግ፣ አቅምን መጥኖ መጠቀም። የገጠማቸው የአፓርታይድ መንግሥትም በመልስ ምት የሚኖር ነበር። የነጻነት ንቅናቄው ሰልፍና አድማ ቀኑ አስቀድሞ ይታወጅ ስለነበር ፖሊስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በሻርፕቪል ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ተኩሶ 69 ሰዎችን ገደለ፤ የነጻነት ድርጅቶቹም ታገዱ። በግንቦት 1953 የተጠራውን ከቤት ያለመውጣት አድማ መንግሥት ጦሩንና ፖሊሱን በገፍ አሰልፎ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ የተመሠረተው የንቅናቄው የትጥቅ ክንፍ ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ታኅሣሥ 7 ቀን 1954 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ዒላማው ሕንፃና የኤሌክትሪክ መስመር ሆነ፤ ሰው እንዳይሞትም ተጠነቀቀ። የሚመታበት ቦታና ሰዓት ከእንግዲህ አስቀድሞ አይነገርም።

ማንዴላ ኮልፌ የመጡት ይህ ለውጥ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ሥር መተኮስን፣ ሞርታርን፣ ፈንጂ መሥራትንና ረጅም የእግር ጉዞን ተማሩ፤ ስለ ጦር አመራርም ትምህርት ተሰጣቸው። ስድስት ወር የታቀደው ሥልጠና ግን ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ፤ ድርጅታቸው ወደ አገር ቤት ጠራቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ ቦክስ ዳኛና ሕግ አለው፣ ጨቋኝ መንግሥት ግን የለውም የሚል ነው። ልክ ነው፤ ነገር ግን ዳኛ በሌለበት ስህተት የሚያስከፍለው የሰው ሕይወት ስለሆነ፣ ልማድን የማረም ግዴታ ይጠነክራል እንጂ አይላላም። ሁለተኛው፣ ማንዴላ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. መያዛቸው የኮልፌን ትምህርት ከንቱ ያደርገዋል የሚል ነው። የተያዙት የሹፌር ልብስ ለብሰው በመኪና ሲጓዙ ነው፤ በተመለሱ ሰሞን ከብዙ ሰዎች ጋር ተገናኝተው ነበር፣ በጥንቃቄያቸው መላላትም በኋላ ራሳቸውን ወቅሰዋል። ይህ ሐሳቡን አያፈርሰውም። ልማድ አንዴ ታርሞ የሚቀር አይደለምና፣ ጠባቂ ጠላት ያለበት ሰው ጥንቃቄው አንድ ቀን ሲላላም ይመታል።

ስለዚህ ኮልፌን ማንዴላ መተኮስ የተማሩበት ቦታ ብቻ አድርጎ ማስታወስ ታሪኩን ያሳንሰዋል። ከሳንሱሲ እስከ ኮልፌ ያሉ ወጣቶች ሊማሩት የሚገባው ትልቁ ነገር፣ አንድ ሕዝባዊ ትግል ደጋግሞ የተመታበትን መንገድ መርምሮ ለመለወጥ መድፈሩንና ለዚያ ለውጥ ትምህርት ፍለጋ እዚህ ድረስ መምጣቱን ነው። ጀግንነትን በፊት ለፊት መጋፈጥ ብቻ የምንለካ ከሆነ ግን፣ ሉዊስ በ1928 የከፈለውን ዋጋ ደጋግመን እንከፍላለን።