አሮጌውና አዲሱ የፈረንሳይ ቀይ የወይን ጠጅ በቀማሹ ፊት

የወይን ጠጅ ባረጀ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለው እምነት እጅግ የተስፋፋ ከመሆኑ የተነሣ፣ በአንድ እንግዳ ተቀባይ ቤት ዕድሜው የገፋ ጠርሙስ ሲከፈት «ይህስ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ለመናገር የሚደፍር ጠጪ እምብዛም አይገኝም። ጠርሙሱ የተከበረ ነው፤ ዋጋውም ይታወቃል። ምላስ የሚመሰክረው ሌላ ቢሆንም እንኳ ክብሩ ያሸንፋል። ይህ እምነት ከየት እንደ መጣና በጠጁ ላይ የመፍረድ ሥልጣን ከነጋዴው ወጥቶ በቤቱ ተቀምጦ ወደሚቀምሰው ሰው እንዴት እንደ ተላለፈ ለማየት ከቦርዶ አውራጃ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመካከለኛው ዘመን፣ ከዚያም በኋላ እስከ 17ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ፣ የቦርዶ ጠጅ በበርሜል ተሞልቶ በየመከሩ ወደ እንግሊዝ አገር ይጫን ነበር። በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ጠጅ አየር እያገኘው ወደ ኮምጣጤነት ስለሚያዘነብል፣ የአዲሱ ዓመት መርከቦች ወደብ ሲደርሱ የአሮጌው ዋጋ ይወድቃል። ስለዚህ በዚያን ዘመን የሚወደደው አዲሱ ነበር፤ አሮጌው ግን የሚጣል ወይም በርካሽ የሚሸጥ ዕቃ ነበር ማለት ነው። እንግሊዛዊው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ በ1663 በአንድ የለንደን መጠጥ ቤት የኦ ብሪዮንን ጠጅ መቅመሱን ሲመዘግብ፣ የጻፈው ስለ ጠጁ ዕድሜ ሳይሆን ከሌላው ስለሚለየው ጣዕሙ ነው። ነገሩን የለወጠው ብርጭቆ ሠሪው ነው። የእንግሊዝ ምድጃዎች በድንጋይ ከሰል ጠንካራ ጠርሙስ መሥራት ከጀመሩ፣ ቡሽም የጠርሙስ መክደኛ ከሆነ በኋላ፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት የጠርሙሱ ቅርጽ ቀጥ ብሎ በጎኑ ለመጋደም ተመቸ። በጎኑ የተጋደመ ጠርሙስ ቡሹን እርጥብ አድርጎ ይጠብቃል፤ እርጥብ ቡሽም አየርን ይከለክላል። አንድ ጠጅ 20 ወይም 30 ዓመት ሊቆይ የቻለው ከዚህ ወዲህ ነው።

ጠጁ መቆየት ቢችልም ዳኛው ገና ነጋዴው ነበር። ለ1855ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት የስመ ጥር ጠጆችን ዝርዝር እንዲያቀርቡ የከተማዪቱን ደላሎች በጠየቀ ጊዜ፣ እነርሱ ቀዮቹን በአምስት ደረጃ ከፋፍለው አቀረቡ። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን በአንደኛው ደረጃ ተሰየሙ። ለዚህ ምደባ ተብሎ የተደረገ ቅምሻ አልነበረም፤ መለኪያው ጠጆቹ ለብዙ ዘመን ሲሸጡበት የቆዩት ዋጋ ነው። ደላላ ዋጋን አሳምሮ ያውቃልና ዝርዝሩን ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በአንደኛው ደረጃ ላይ እስከ ዛሬ የታየው ዋና ለውጥ በ1973 የሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ ማለቱ ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ባስቆጠረ የዋጋ መዝገብ ዛሬም የሚፈረድ መሆኑ ያስገርማል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሉዊ ፓስተር ነው። በ1863 ናፖሊዮን ሣልሳዊ የጠጅ በሽታዎችን እንዲመረምር ጠይቀውት፣ የጥናቱን ውጤት በ1866 በመጽሐፍ አሳተመ። ጠጅን የሚያበላሹት ረቂቃን ሕዋሳት መሆናቸውን፣ የሚያስረጀው ደግሞ ኦክሲጅን መሆኑን አስረዳ። ኦክሲጅኑ በዝግታና በጥቂቱ ሲደርስ ጠጁን ያለዝበዋል፤ ሲበዛ ግን ያጠፋዋል። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላ ሥራው ነው። የሞቀውንና ያልሞቀውን ጠጅ እንዲያነጻጽሩ የተሰበሰቡትን ነጋዴዎች ለመፈተን፣ አንድ ዓይነት ጠጅ በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ አቀረበላቸው፤ እነርሱም ልዩነት አገኘን አሉ። በ2001 የታተመ የቦርዶ ተመራማሪዎች ጥናት ይህንኑ በሌላ መንገድ አጠናክሮታል። ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም የተጨመረበት ነጭ ጠጅ የቀረበላቸው 54 የወይን ጠጅ ጥናት ተማሪዎች፣ ሽታውን የገለጹት ለቀይ ጠጅ በሚነገሩ ቃላት ነበር። ዓይን ምላስን ያዛታል።

የቤቱ ቀማሽ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ለማመን የቻለውም ዘግይቶ ነው። ለብዙ ዘመን ጠጁ ከአምራቹ በበርሜል ወጥቶ በነጋዴው መጋዘን ሲታሸግ፣ መካከል ላይ ምን እንደ ተቀላቀለበት የሚያውቅ አልነበረም። በ1924 ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ የሙቶንን ምርት በሙሉ በራሱ ግቢ ማሸግ ጀመረ፤ በ1935 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ የትውልድ ቦታን ስም በመንግሥት ጥበቃ ሥር አደረገ።

እንግዲህ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ቋንቋችን ሐምራዊውን መልክ «ወይን ጠጅ» ብሎ መጥራቱ ትክክል የሚሆነው ለአዲሱ ጠጅ ነው። ብርጭቆው በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ሲል የአዲሱ ጠርዝ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ የአሮጌው ግን የሸክላ ጡብ መልክ ይይዛል። ከወይኑ ቅርፊት የሚገኙት አንቶሲያኒን የሚባሉ ቀለሞች በዘመን ብዛት ከታኒን ጋር እየተጣመሩ ይለወጣሉና። ታኒን ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ አፍን ያኮማትራል፤ በአዲሱ ቦርዶ ይህ ጠባይ ጎልቶ ይሰማል። በአሮጌው እየለዘበ ይሄዳል፤ ከፊሉም ከቀለሙ ጋር አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። የፍሬው ሽታ ቀንሶ የደረቀ ቅጠል፣ የቆዳ፣ የእንጉዳይ ሽታ ይተካል። ፍሬው ጠፍቶ ጎምዛዛነቱ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያ ጠጅ ሞቷል፤ ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን አያድነውም። ደግሞም ሁሉም ለዕድሜ አልተሠራም። ከጋሜ ወይን የሚሠራውና በየዓመቱ በኅዳር ወር የሚወጣው የቦዦሌ አዲስ ጠጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ካልተጠጣ ትርጉም የለውም።

በ1976 በፓሪስ በተደረገው ስውር ቅምሻ ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች ከቦርዶዎቹ ሙቶንና ኦ ብሪዮን ይልቅ ለአንድ የካሊፎርኒያ ጠጅ የአንደኛነትን ደረጃ በሰጡ ጊዜ፣ የፈረንሳዮቹ ጠበቆች «የእኛ ገና ልጅ ነው፤ ይርጅና እንይ» የሚል መከራከሪያ አነሡ። መከራከሪያው ከላይ በተገለጸው ኬሚስትሪ ሲታይ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ነገር ግን በ2006 እነዚያው ጠጆች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲቀመሱ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቦታዎች የያዙት ሁሉም የካሊፎርኒያ ሆኑ።

በቤቱ አሮጌና አዲስ ለማነጻጸር የሚፈልግ ባልደረባ ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። አሮጌውን ጠርሙስ አተላው እንዲዘቅጥ ከአንድ ቀን በፊት ማቆም፣ ሲቀዳም እጅን ሳያወላውሉ በዝግታ ማጋደልና አተላው አንገቱ ላይ ሲደርስ ማቆም ነው። ጠጅን ያለ አተላ መቅዳት ለእኛ ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም። አሮጌው መዓዛው ቶሎ ስለሚበን ሊጠጣ ሲል ይከፈት፤ አዲሱ ግን ሰፊ አፍ ባለው ማንቆርቆሪያ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ይለዝባል። ብርጭቆው አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ በ1977 የወጣው ዓለም አቀፍ የቅምሻ ብርጭቆ ደረጃ የሚቀዳውን 50 ሚሊ ሊትር ብቻ አድርጎታል። ሙቀቱም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። በፈረንሳይ «የክፍል ሙቀት» የተባለው ቤቶች እንደ ዛሬ ሳይሞቁ በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ምድጃ አጠገብ የሚያቆሙት ሰዎች ጠጁን ይበድሉታል። ከሁሉ በፊት ግን ጠርሙሶቹ በወረቀት ይጠቅለሉና ቁጥር ይጻፍባቸው፤ የሚቀዳውም ሰው ከቀማሾቹ ሌላ ይሁን። ከተቻለ እንደ ፓስተር አንዱን ጠጅ በሁለት ቁጥር ማቅረብ ነው፤ ለሁለቱ የተለያየ ነጥብ የሰጠ ሰው ለሌሎቹ የሰጠውን ነጥብ ምን ያህል ማመን እንደሚገባው ወረቀቱ ከመገለጡ በፊት ያውቃል።