ቃልን በፊደል ስለ መፈለግ



በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ገጣሚው አንዱን ስንኝ በ«ራ» ከዘጋው፣ ለሚቀጥለውም በ«ራ» የሚያልቅ ቃል ይፈልግለታል። የሶማሊ ገጣሚ ግን ፍለጋውን የሚጀምረው ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ እርሱ የሚሻው በተወሰነ ፊደል የሚጀምረውን ቃል ነው። በጅጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ፣ እንዲሁም በአካባቢው ባለው የግጦሽ ምድር ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት የኖረውን ይህን ሕግ ዛሬ በአጭሩ እንመለከታለን።

ሕጉ በሶማሊኛ «ሂጋድ» ወይም «ሐረፍራዕ» ይባላል። «ሐረፍ» ፊደል ማለት ሲሆን «ራዕ» ደግሞ ተከተል ማለት ነው። ከግጥም ዓይነቶች ሁሉ የበለጠ ክብር ያለው «ጋበይ» እያንዳንዱ ስንኙ በሁለት ይከፈላል፤ በሁለቱም ክፍል ውስጥ በተመረጠው ፊደል የሚጀምር ቃል መገኘት አለበት። ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢኖረውም ፊደሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለወጥም። አናባቢዎች ብቻ በአንድነት እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራሉ። ፊደልን መከተል በሌላውም ዓለም ይታወቃል። የጥንት እንግሊዞች በዚህ መንገድ ይገጥሙ ነበር፤ በመዝሙረ ዳዊትም 118ኛው መዝሙር በዕብራይስጡ ለ22ቱ ፊደላት በየተራ 8፣ 8 ቁጥር ይሰጣል። የሶማሊው ሕግ ግን መላውን ግጥም በአንድ ፊደል ማሰሩ ከእነዚህ የከበደ ያደርገዋል።

ታዲያ ገጣሚው ይህን ያህል ቃል ከወዴት ያመጣል? ከአርብቶ አደሩ ኑሮ ነው። ስለ ግመል ሊናገር ቢፈልግ በ«ገ» ለሚሄድ ግጥም «ጌል» አለለት፤ ይኸውም የግመሎች የወል ስም ነው። በ«ሀ» ከሆነ «ሃል»፣ ማለት እንስቲቱን፤ በ«ረ» ከሆነ «ራቲ»፣ ማለት የጭነቱን፤ በ«ቀ» ከሆነ «ቃሊን»፣ ማለት ወጣቷን እንስት፤ በ«በ» ከሆነ «ባርቀብ»፣ ማለት ለዘር የተመረጠውን ወንድ፤ በ«ነ» ከሆነ «ኒርግ»፣ ማለት ግልገሉን ይጠራል። ስለዚህ ገጣሚው የቃላት መዝገብ ከመጻፉ በፊት በራሱ አእምሮ ውስጥ መዝገብ ነበረው። በዕለት ንግግር የተረሳ ቃል እንኳ ፊደሉ ሲጠራው ተነሥቶ ይመጣ ነበር።

ሕጉ ለጌጥ ብቻ የቆመ አልነበረም። ሶማሊኛ የተስማማ ጽሕፈት ባልነበረው ዘመን፣ ግጥም እንደ ደብዳቤ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይላክ ነበር፤ ዕርቅ ይለመንበታል፣ ካሣ ይጠየቅበታል፣ ጦርነትም ይታወጅበታል። ተቀባዩ በቃሉ አጥንቶ ሲያደርስ የገጣሚውን ስም አስቀድሞ መናገር ግዴታው ነው። አንዱን ቃል ረስቶ በሌላ ቢተካ ፊደሉ ስለሚሰበር አድማጩ ወዲያው ያውቅበታል። በዚያው ፊደል የሚጀምር ሌላ ቃል ተክቶ የሚያሳስት አይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን ያለ ማኅተም ከሚሄድ መልእክት ይልቅ በፊደል የታሰረው ይታመናል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ግጥም ነው። ይህ ሰው በመጋቢት 1892 ዓ.ም. ተከታዮቹ ደርቪሾች በጅጅጋ ሰፍሮ በነበረው የኢትዮጵያ ጦር ላይ አደጋ የጣሉ፣ ኋላም በ1913 ዓ.ም. ኢሚ ላይ የሞተ የጦር መሪና ገጣሚ ነው። በነሐሴ 1905 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኰንን ሪቻርድ ኮርፊልድ ከደርቪሾች ጋር ሲዋጋ በወደቀ ጊዜ፣ ሰይዱ ለሟቹ ግጥም ገጠመለት። የመረጠው ፊደል «ጀ» ነው፤ መኰንኑ የሚላክበት ስፍራም «ጀሃነማ»፣ ማለት ገሃነም፣ በዚያው ፊደል ይጀምራል። ግጥሙ በቃል እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደርሷል።

ጽሕፈት በመጣ ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1910ሮቹ፣ ሼክ አብዱረሕማን ሼክ ኑርም በ1920ዎቹ ከድንበራችን አጠገብ ባለችው በቦረማ፣ ለሶማሊኛ አዲስ ፊደል አወጡ። በሶማሊያ የላቲን ፊደል ጥቅምት 11 ቀን 1965 ዓ.ም. ተወሰነ። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሶማሊኛ ከ15ቱ ማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን የክልሉ ትምህርት ቤቶች በላቲን ይጽፋሉ። በማናቸውም ፊደል ቢጻፍ ዋናው ነገር ድምፆቹ እንዳይደባለቁ ነው። እኛ በአማርኛ አሌፉን «አ» እና ዐይኑን «ዐ»፣ ሃሌታውን «ሀ» እና ሐመሩን «ሐ» ሞክሼ እያልን እንዳሻን እንለዋውጣቸዋለን። በሶማሊኛ ግን እንደ ጥንቱ ግዕዝ የተለያዩ ድምፆች ናቸው። «ዐሊ» እና «አሕመድ»፣ «ሐሰን» እና «ሆዳን» ለጆሮአችን በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቢመስሉም፣ ለሶማሊ ገጣሚ ፊደላቸው ለየብቻ ነው። ጸሐፊው ሲያደባልቃቸው ግጥሙ የተሰበረ ይመስላል፤ ገጣሚውም ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማል።

ሕጉ በቴፕ ዘመንም አልሞተም። በ1972 ዓ.ም. መሐመድ ሐሺ ዳማዕ «ጋሪዬ» በ«ደ» ፊደል አንድ ግጥም ቢጀምር፣ በካሴት እየተቀዳ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ፤ ብዙ ገጣሚዎችም በዚያው ፊደል መለሱለት። ተከታታዩ ግጥም «ዴሌይ» የሚባለው በፊደሉ ስም ነው።

እንግዲህ በጅጅጋ ከተማ ተወልዶ ግመልን በመንገድ ዳር ብቻ የሚያይ ወጣት «ቃሊን»ና «ባርቀብ»ን ካላወቀ፣ ከገጣሚው መዝገብ አንዳንድ ገጽ ተቀደደ ማለት ነው። ሽማግሎች በሕይወት ሳሉ ግጥሞቹን ከነገጣሚው ስም መመዝገብ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። በየቢሮው የሰው ስምና ቃል የምንጽፍ ሁሉም፣ ለእኛ ሞክሼ የሆነው ፊደል ለባለቤቱ የተለየ መሆኑን አስበን ጠይቀን ብንጽፍ፣ ከዚህ ቅርስ ጥበቃ የየድርሻችንን ተወጣን ማለት ነው።