ንግሥት እሌኒና የታተመው የእመቤታችን ሥዕል

ስለ ሐዲያ የቀድሞ ታሪክ በተጻፉት ገጾች አብዝተን የምናነበው የዘመቻና የግብር ወሬ ነው። ይሁን እንጂ የእመቤታችን ሥዕል በአገራችን የተስፋፋበትን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሐዲያን ሳያነሣ ቢያልፍ ነገሩን ከግማሽ ጀመረ እንላለን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበሩ። ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የተዳሩትም ቤተ መንግሥቱን ከሐዲያ ጋር በሚያስተሳስር ውል ነው። ዘመኑ የእመቤታችን ክብር እጅግ ከፍ ያለበት ነበረ፤ ንጉሡ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዝዘው ነበርና። ተከትለው የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም እናታቸው ስለ ሞቱባቸው እሌኒን እንደ ወላጅ እናት አከበሯቸው። ልብነ ድንግልም በ1508 በልጅነት ሲነግሡ መንግሥቱን በሞግዚትነት የመሩ እኒሁ ሴት ናቸው። እንዲህ ሆነው ከማኅፀናቸው ላልወጡት ነገሥታት እናት ሆኑ።

እሌኒ በ1509 ገደማ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። የፖርቱጋል መልእክተኞችም በ1520 ምጽዋ ደረሱ። ዐፄ ልብነ ድንግል በኋላ በጻፉት ደብዳቤ ሥዕል የሚሠሩና መጽሐፍ የሚያትሙ ባለሙያዎች እንዲላኩላቸው ጠየቁ። ሥዕልና ማተሚያ በአንድነት የተፈለጉት እሌኒ በከፈቱት መንገድ ነው።

በሮማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል በኅትመት ተባዝቶ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እጅ በ1600 አካባቢ ወደ አገራችን ገባ። በእጅ የተሣለ ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ የታተመው ግን ተባዝቶ በየአገሩ ስለሚዞር፣ የማይተዋወቁ ሠዓሊዎች አንድ አብነት ሊከተሉ ቻሉ። ሠዓሊዎቻችንም እንዲሁ አልቀዱትም፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን በግራና በቀኝ አቆሙ፤ ልብሱንና ቀለሙንም በአገር ልማድ ለወጡ፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ አሉት። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ ሥዕሉ አብሮ አልተባረረም፤ የአገር ሆኖ ነበርና።

ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች የማተሚያ ሥራ በሁለት መልክ በየቤቱ ይታያል፤ በኦርቶዶክሱ ቤት የእናትና የልጅ ሥዕል ሆኖ በግድግዳ፣ በወንጌላዊው ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ሆኖ በጠረጴዛ። ስለ ሥዕል ጎረቤትና ጎረቤት ባይስማሙም፣ ማተሚያ ሁለቱንም አገልግሏል። መምህራን ይህን ሲያስተምሩ የሐዲያዋን ልጅ ስም ቢያነሡ፣ ተማሪው አገሩ በዚህ ታሪክ ተመልካች ብቻ ሳትሆን መንገድ ከፋች እንደ ነበረች ይረዳል።