30 ደቂቃ ለፕላዝማው፣ 10 ደቂቃ ለመምህሩ

ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቅና አንድ ደቂቃ ይሰጥ ነበር። ደቂቃዋ ስታልቅ፣ መልሱን ያገኘውንም ያላገኘውንም ሳይለይ፣ በእንግሊዝኛ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ብዙ ሰው ይህን ድምፅ አይረሳውም። መሣሪያውንም ትምህርቱንም በአንድ ቃል «ፕላዝማ» ይለዋል።

በቴሌቪዥን ማስተማር ለአገሪቱ አዲስ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለተማሪዎች የሚሆን ዝግጅት ማስተላለፍ ጀምሯል። ሥርጭቱ ግን መጀመሪያ ላይ ከዋና ከተማዋና ከአካባቢዋ ርቆ አልሄደም። በ1997 የተለወጠው ስፋቱ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ይደርስ ጀመር። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ቁጥር በፍጥነት እያደገ፣ ብቁ መምህር ግን እያነሰ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ የሚያየውን የፊዚክስ ሙከራ የገጠሩም ልጅ እንዲያየው ታስቦ ነው።

ጣጣው የመጣው ከአቀራረቡ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ስክሪኑ ይወስድ ነበር፤ ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ አምስት አምስት ደቂቃ ይተርፈው ነበር። የተቀረጸው ትምህርት ከሳተላይት በሰዓቱ ስለሚለቀቅ «ቆይ፣ እስኪ ወደኋላ መልሰው» አይባልም ነበር። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነበር።

ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1968 «ቴሌሴኩንዳሪያ» የተባለውን የገጠር ልጆች ትምህርት ስትጀምር የገጠማት ችግር ተመሳሳይ ነበር፦ የመምህር እጥረት። እዚያ የተለመደው አሠራር ግን ግልባጩ ሆነ። 15 ደቂቃ ያህል ፕሮግራም ይታይ ነበር፤ የቀረው 35 ደቂቃ የመምህሩና የተማሪው ነበር። አንዱ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ስለሚይዝ የየልጁን ድካም ያውቃል። ቋንቋውም ስፓኒሽ፣ አብዛኛው ልጅ ቤቱ የሚናገረው ነው። ፕሮግራሙ ዛሬም ከ1 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች አሉት።

በዎላይታ እንደ ገሱባ ካለች የኦፋ ወረዳ ከተማ ወደ 9ኛ ክፍል የሚያልፍ ልጅ መንገዱ ሌላ ነበር። ቤቱ የሚናገረው ዎላይትኛ ነው፤ ታች ክፍል ሳለም በላቲን ፊደል የተማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። አማርኛን ለብቻው፣ በፊደሉ፣ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል። ፕላዝማው ፊት ሲቀመጥ ሦስተኛ ቋንቋ፣ ያውም በማያውቀው አነጋገርና ፍጥነት፣ ይጠብቀው ነበር። ዎላይታ ደግሞ የመማሪያ ቋንቋ ነገር ቀላል ያልሆነበት አካባቢ ነው። ዎላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ጋር ያዋሀደው «ወጋጎዳ» የተባለው መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ከፍተኛ ተቃውሞ አስነስቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት፣ በመጨረሻም ከትምህርት ቤት ተሰብስቧል። መጽሐፉ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ በሚል ያን ያህል ዋጋ የተከፈለበት አገር፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲናገር ሰማ።

እንዲህም ሆኖ በብዙ ክፍል ውስጥ ትምህርቱን ያዳነው መምህሩ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ ጠመኔውን አንስቶ፣ በተረፈችው አምስት ደቂቃ፣ የተባለውን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ይተረጉም ነበር። ይህን ያደረጉ መምህራን «ማብሪያ ማጥፊያ ሆንን» ብለው ያማረሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ክህሎታቸው ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ እንዲቆም ተፈርዶበት ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት እንደገና በቴሌቪዥን መጣ፤ በዚህኛው ዙር ቤት ድረስ ነው። ቴሌቪዥንና መብራት ያለው ልጅ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ተከታተለ። ስክሪኑ ሲጠፋ ጠመኔ አንስቶ የሚተረጉምለት ሰው ግን አጠገቡ አልነበረም።