ሣቅና ዜማ የተለያዩበት ምሽት፦ አማተር ተውኔት በአዲስ አበባ



የዛሬው ንግግሬ ከሥራና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተሰብስበው፣ ያለ ደመወዝ፣ እየዘፈኑና እያሣቁ ተውኔት ስለሚያሳዩ ሰዎች ነው። ርእሱ ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሥልጣንና ሣቅ በከተማችን እንዴት እንደ ተጎራበቱ የሚያሳይ ታሪክ በውስጡ አለ።

አስቀድሜ ስለ ኦፔሬታ ጥቂት ልበል። ኦፔሬታ ንግግር፣ ዘፈንና ጭፈራ የተዋሐዱበት አስቂኝ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በፓሪስ፣ በቪየናና በለንደን ተስፋፋ። በእንግሊዝ ጊልበርት ግጥሙን፣ ሱሊቫን ዜማውን እየደረሱ ያቀረቧቸው ሥራዎች እስከ ዛሬ ድረስ የአማተር ማኅበራት የዘወትር ስንቅ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በ1885 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ሚካዶ» ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የመንግሥቱን ሹመት ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጠቅልሎ የያዘ አንድ ሹም አለ። ልብሱ የጃፓን ነው፤ የሚተቸው ግን የእንግሊዝ ሹም መሆኑን ተመልካች ሁሉ ያውቅ ነበር። በ1907 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ልዑል ፉሺሚ ለንደንን ሲጎበኙ፣ እንግዳው እንዳይቀየሙ በሚል ሥራው ለጥቂት ሳምንታት ታገደ። ከ22 ዓመት በኋላ እንኳ መንግሥት ሊፈራው የሚችል ሣቅ ነበር ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የዚህን ታሪክ አቻ ፍለጋ ሩቅ አያስኬደንም። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት የተጀመረው በአማተሮች፣ በኮሜዲና በእገዳ ነው።

ጊዜው ብዙ ምሁራን እንደሚስማሙበት 1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ የተሰበሰብንበት ቦሌና ምሥራቃዊው የከተማ ክፍል የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። የከተማይቱ እንቅስቃሴ በአራዳ ዙሪያ የተወሰነ ሲሆን፣ መኳንንቱና የውጭ አገር ሰዎች ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ ቴራስ ሆቴል ነበር። እንደሚተረከው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በዚህ ሆቴል «ቲያትር» ተብሎ የተዘጋጀ ዝግጅት ለማየት ተገኙ። ያዩት ዘፈን፣ ጭፈራና ቀልድ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው፣ የመድፈኛ መኮንንነት ትምህርት ተምረው፣ የአውሮፓን ቲያትር አይተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ያዩት ነገር ቲያትር አለመሆኑን ገለጹ። ቲያትር ምን እንደሆነ አንተ አሳየን ተባሉና «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ።

«ፋቡላ» መሠረቱ ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፋቸው ተረቶች ናቸው። አውሬዎች ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይበላላሉ። ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች አጥንተውት በዚያው ሆቴል ለመኳንንቱ አሳዩት። የጃፓን ልብስ ለለንደን ያገለገለውን ያህል የአውሬ ቆዳ ለአዲስ አበባ አገለገለ። ስለ ብልሹ አስተዳደር የተነገረው ነገር ለማን እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በሰምና ወርቅ ያደገ ተመልካች አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ተውኔቱን አገዱት። ሚካዶ የታገደው ለሳምንታት ሲሆን፣ የእኛው ተውኔት ግን የንግሥቲቱ ዘመን እስኪያበቃ ድረስ ድምፁ ጠፋ።

ስለዚህ ምሽት ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረቱ በእገዳው ላይ ነው። እኔ ግን ከእገዳው አስቀድሞ የተፈጸመ ሌላ መለያየት እንዳለ እከራከራለሁ። ተክለ ሐዋርያት ቲያትር አይደለም ባሉት ዝግጅት ውስጥ ዘፈንና ቀልድ አብረው ነበሩ። ይህ ቅንጅት ደግሞ ከአዝማሪ የተወረሰ ነው። አዝማሪ በግብር አዳራሽ፣ በጌታው ፊት፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ የሚያወድስም የሚሸነቁጥም ሰው ነበር። ኦፔሬታ የሚፈልጋቸው ሁለቱ ነገሮች፣ የሚያሥቅ ትችትና የሚያዝ ዜማ፣ በአዝማሪው ጉሮሮ ውስጥ ተዋሕደው ይኖሩ ነበር። የጎደለው ታሪክና ገጸ ባሕርይ ነው። ተክለ ሐዋርያት እነዚህን ጨመሩልን፤ ሲጨምሩ ግን ዘፈኑን ከበር ውጭ አስቀሩት። ድፍረታቸውን የማከብር ሰው ነኝ። ነገር ግን ቲያትር ማለት ንግግር ነው፣ ዘፈን ማለት ጨዋታ ነው የሚለው ክፍፍል ከዚያ ምሽት ጀምሮ ተከትሎናል።

ቀጣዩን ታሪክ ሁለቱን መልሶ ለማገናኘት የተደረገ ሙከራ አድርገን ልናነበው እንችላለን። ተውኔት ወደ መድረክ የተመለሰው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ጋር ተያይዞ ነው። የጎጃሙ የቅኔ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መዝሙር ያላቸውን ተውኔቶች ለተማሪዎች እያስጠኑ አቀረቡ። ተዋንያኑ ተማሪዎች፣ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱትም ወንዶች ልጆች ነበሩ። ከዮፍታሔ ጋር አብረው የሠሩት አርመናዊው ሙዚቀኛ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ኬቮርክ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከኢየሩሳሌም ከመጡት «አርባ ልጆች» ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ዮፍታሔ ግጥሙን፣ ኬቮርክ ዜማውን የደረሱት ሥራ ብሔራዊ መዝሙር ለመሆን በቃ። ኬቮርክ ከጣሊያን ወረራ በፊት «ጎንደሬው ገብረ ማርያም» የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔትም አቅርበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ኬቮርክ የወጡበት የኦቶማን አርመናውያን ዓለም የራሱ ኦፔሬታ ነበረው። ዲክራን ቹሃጂያን በ1875 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ ላይ ያቀረቡት «ሌብሌቢጂ ሆርሆር አጋ» ልጁን አንድ መኳንንት ስለ ጠለፈበት የሽምብራ ቆሎ ነጋዴ የሚተርክ አስቂኝ ሥራ ነው። ቆሎና ጠለፋ! ታሪኩን የሰማ አዲስ አበቤ ባዕድ አገር የተጻፈ አይመስለውም። መንግሥቱ ለማ የጠለፋን ጋብቻ የኮሜዲ ርእስ አድርገው «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲያቀርቡ ሣቁ ሙሉ ነበር፤ የንግግር ተውኔት ነውና ዜማው ግን አልነበረም። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የጎደለንን ነገር በቀላሉ ያያል።

ሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ወረራ ደጅ ላይ ነበር፤ ዘፈን ሕዝብን መቀስቀሻ ሆነ፣ መሆኑም ተገቢ ነበር። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ የቲያትር ቤት መልክ ሲይዝ በአንድ ምሽት ዝግጅት ዘፈን፣ አጭር ቀልድና ድራማ ተከታትለው ይቀርቡ ነበር። ሦስቱም በአንድ ጣራ ሥር አደሩ፤ በአንድ ታሪክ ውስጥ ግን አልተዋሐዱም። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ ሙዚቀኞችም ሠሩበት። ተዋናዩ ደመወዝተኛ ሆነ። ደመወዝ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሆኖም ደመወዝ ከፋይ ባለበት ቦታ የሣቁ አቅጣጫ አስቀድሞ ይታሰብበታል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አማተሩ በኪነት ቡድኖች ተመለሰ። በቀበሌና በከፍተኛ አዳራሾች፣ በዚህ በምሥራቁ ሰፈርም ጭምር፣ ወጣቶች ዘፈንን፣ ውዝዋዜንና ድራማን አቀናጅተው ያሳዩ ነበር። በቅርጽ ረገድ ወደ ኦፔሬታ በእጅጉ የተጠጋነው ምናልባት በዚያ ወቅት ነው። ይሁን እንጂ መሣቂያው ተመርጦ ተሰጣቸው፤ ባላባቱና ቢሮክራቱ ይሣቅባቸው ነበር፣ አዳራሹን የያዘው ሹም ግን አይሣቅበትም። ቅርጹ ሲገኝ ነጻነቱ ጠፋ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ለትዝታ አይደለም። የቀደሙት ተውኔቶች ጽሑፍ በከፊል ተርፎልናል፤ ዜማቸው ግን በአብዛኛው በሰው ጆሮና ጉሮሮ ውስጥ የቀረ ነው። በኪነት ቡድኖች የዘፈኑት ወጣቶች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። ቦሌ ግጦሽ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች እያነሱ እንደ ሄዱ፣ በቀበሌ አዳራሽ የተዘፈነውን የሚያስታውሱም ያንሳሉ። የእናንተ የተማሪዎች የመጀመሪያ ሥራ በየሰፈራችሁ እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ማስዘፈንና መቅረጽ ነው። የታሪክ ምንጭ ሁልጊዜ በወረቀት ላይ አይገኝም።

ሁለተኛው ሥራ የመድረክ ነው። ከክፍል በኋላ የምትሰበሰቡ የድራማ ክበብ አባላት ከመካከላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አማተር ደመወዝ ስለሌለው የሚቀርበት ነገር ትንሽ ነው፤ ለዚህም ነው «ፋቡላ» በአማተሮች እጅ የተወለደችው። ከ100 ዓመት በፊት በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተለያዩትን ሣቅና ዜማ መልሶ የሚያጋባ ሰው ካለ፣ ከባለሙያዎቹ ቀድሞ ከእናንተ መካከል ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።