የዐፄ ፋሲለደስ ግንብና የሠሪዎቹ ማንነት

ዐፄ ፋሲለደስ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነገሡ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ከሠራዊታቸው ጋር በድንኳን ሲዘዋወሩ፥ የክረምቱን ወራት ብቻ በአንድ ሥፍራ ሰፍረው ያሳልፉ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ ግን በ1628 ዓ.ም. በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ከሚገኘው ኮረብታ ላይ መናገሻቸውን ተከሉ። የጎንደር ከተማ የተቆረቆረችው በዚህ ዓመት ነው።

የመንግሥቱ መቀመጫ ስሟ በ«ጎ» ፊደል በሚጀምር ሥፍራ እንዲሆን ትንቢት ተነግሮ ነበር ይባላል። ነገሥታቱም ጉዛራንና ጎርጎራን ሞክረው በመጨረሻ ጎንደርን አገኙ። አፈ ታሪኩን እንደ ታሪክ ማስረጃ መውሰድ ባይቻልም፥ የሚጠራቸው ሥፍራዎች ግን በእርግጥ ከጎንደር ቀደም ብሎ የግንብ ሥራ የታየባቸው ናቸው። ይህ ነጥብ ግንቡን ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል።

ብዙ የውጭ አገር ጸሐፊዎች የፋሲልን ግንብ «የፖርቱጋሎች ሥራ» ብለው ሲያልፉት ኖረዋል። የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ይህን አባባል በቀላሉ አይቀበለውም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ሲለቁ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖት ተመለሰ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናትም ከቤተ መንግሥት ተወግደው ኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ጎንደር ስትቆረቆር በንጉሡ ዘንድ ሥራ የሚመሩበት ሥልጣን አልነበራቸውም። ይልቁንም ለዐፄ ሠርፀ ድንግል የሚሰጠው የጉዛራ ግንብ፥ ከዚያም ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ያሠሯቸው ቤቶች ሲታዩ፥ የጎንደሩ ግንብ በድንገት የበቀለ አለመሆኑ ይታወቃል። በነዚያ ሥራዎች ላይ ድንጋይ መጥረብንና ኖራ ማቡካትን የለመዱ የአገር ሰዎች ወደ ጎንደር ሳይሸጋገሩ አልቀሩም።

ይህ ማለት ግን የውጭ እጅ ፈጽሞ አልገባበትም ማለት አይደለም። በ1640 ዓ.ም. የየመን ኢማም መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚ ወደ ጎንደር መጥቶ የንጉሡን ቤት በአድናቆት ገልጾታል። በድንጋይና በኖራ የተሠራ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፥ ግንበኛው የህንድ ሰው እንደ ነበረ ጽፏል። ሕንፃው በተሠራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓይኑ ያየ፥ ለፖርቱጋሎችም ለመከራከር ምክንያት የሌለው ሰው ስለሆነ ቃሉ ክብደት አለው። የሚያሳዝነው የህንዳዊውም ሆነ ከእርሱ ጋር የደከሙት የአገሩ ግንበኞችና ድንጋይ ተሸካሚዎች ስም አለመመዝገቡ ነው።

ግንቡ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ሲሆን የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስት በቀይ ድንጋይ ተከፍፏል። በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች ቆመዋል፤ በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ከሁሉ ከፍ ብሎ አራት ማዕዘን ማማ ይታያል። ተከታዮቹ ነገሥታት በአጠገቡ የየራሳቸውን ግንብ እየጨመሩ ስለ ሄዱ ግቢው 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር ተከበበ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ቤቱ በእሳት ብዙ ተጎድቶ ነበር፤ የታችኞቹ ሁለት ፎቆች ግን ገና ያገለግሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ፥ በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። ኢጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዙ በኋላ ግንቦቹን በሲሚንቶና በብረት አጠናክረው ጠገኑ። ሲሚንቶው ከቀድሞው ግንብ ጋር የሚስማማ አልነበረም። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ገባ። በኋላ በተደረገውም እድሳት ጠጋኞቹ የኢጣሊያኖቹን ሲሚንቶ ትተው፥ አልሐይሚ አይቶ ወደ መሰከረለት ኖራ ተመለሱ።