ጮቄ ያጣው፣ ጓሳ ያቆየው ቀበሮ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቀይ ቀበሮ ነው።

ከአምበር ሆኖ ቀና ያለ ሰው ጮቄን ያያል። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ተምጫ የሚነሡት ከዚያ ነው። ሁሉም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። የጮቄ አናት ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ጅብራ፣ አስታ፣ ሣርና ረግረግ ያለበት ደጋ ነው። በዚያ ሣር ውስጥ ድሮ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። ዛሬ የለም። ከጮቄ ጠፍቷል።

ምን አጠፋው? እርሻው ከዓመት ወደ ዓመት ሽቅብ ወጣ። ገብስና ድንች ተዘራ። አስታው ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ። ቀበሮ የሚኖረው አይጥና ፍልፈል እየበላ ነው። አይጡም የሚኖረው በሣሩ ነው። ሣሩ ሲታረስ ሁለቱም ቤት አጡ። ታዲያ ገበሬውን እንውቀሰው? እኔ አልወቅሰውም። መሬት ጠቦት፣ ልጅ በዝቶበት ነው ወደ ላይ የወጣው።

እስቲ አሁን ዓባይን ተሻግረን ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ እንሂድ። እዚያም ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፤ ገመድም ይገመዳል። በዚያ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ። ጭላዳም አለ።

እንዴት ተረፈ? የመንዝ ሰው ቄሮ የሚባል የቆየ ሥርዓት ነበረው። ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጓሳው የአስቦና የጌራ ልጆች ርስት ነበር። እነሱም አለቃ ይመርጣሉ። አለቃው ጓሳውን ይዘጋዋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ከብት አይገባበትም፤ ሣር አይታጨድም። ሰው ወጥቶ ይጠብቃል፤ ያጠፋ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ይታጨዳል። ለቀበሮው ብሎ የዘጋው ሰው የለም እኮ! ለጣራውና ለከብቱ ብሎ ነው። ቀበሮውም በዚያው ተረፈ።

ሥርዓቱ እንከን ነበረበት። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ርስት ቀረ። ቄሮም አብሮ ቀረ። ድርሻ ያልነበረው ሣር አገኘ፤ ነገር ግን ጠባቂ ጠፋና ሣሩ ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። ጓሳው እንደገና መዘጋትና መከፈት ጀመረ። የአሁኑ ድርሻ ግን በነዋሪነት እንጂ በዘር አይደለም።

«ቀበሮ በግ ይበላብናል» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል። ከእኛ ወደ እሱ የሚሄደው ግን ይብሳል። በ1984 ዓ.ም. ገደማ በባሌ ተራሮች የውሻ እብደት በሽታ ብዙ ቀበሮ ፈጀ። በሽታው የተጋባው ከመንደር ውሾች ነው። ውሻን ማስከተብ ለሰውም ለቀበሮም ይጠቅማል።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያንሳሉ።

ለዛሬ «ጮቄ»፣ «ጓሳ»፣ «ቀበሮ» የሚሉትን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ። በጮቄ ግርጌ የምትኖሩ ደግሞ በመንደራችሁ ቀበሮውን በዓይናቸው ያዩ አዛውንት ካሉ ጠይቁ፤ የት እንዳዩትም ጻፉ። ደኅና ሁኑ።